ብልጭታ ሽልማት ነው ወይስ ምልክት? አጫጭር ቀስቃሾች በእንስሳት ትምህርት ውስጥ ያላቸው ሚና

መግቢያ

ቡና ተቆልቶ ሲወቀጥ የሙቀጫው ድምፅ ከቤት አልፎ ለጎረቤት ይሰማል። ድምፁ በራሱ አይጠጣም፤ የቡና አምሮትንም አያስታግሥም። ይሁን እንጂ ድምፁን የሰማ እንግዳ ሊሄድ ከተነሣበት ተመልሶ ይቀመጣል፤ አቦሉ እስኪቀዳም ይጠብቃል። ለጥቂት ጊዜ ተሰምቶ የሚጠፋ፣ በራሱ ምንም የማይጠቅም ድምፅ የሰውን አድራጎት ለረጅም ጊዜ ሲመራ እናያለን።

ይህ የዕለት ተዕለት ገጠመኝ የጠባይ ሳይንስ ተመራማሪዎችን ከ80 ዓመታት በላይ ያከራከረ ጥያቄ በውስጡ ይዟል። ከአንድ ሴኮንድ ለማይበልጥ ጊዜ በርቶ የሚጠፋ ብርሃን ወይም ቀጭ ብሎ የሚያልፍ ድምፅ የአንድን እንስሳ ሥራ ለምን ያህል ጊዜ ሊያስቀጥል ይችላል? የሚያስቀጥለውስ በምን ምክንያት ነው? ብርሃኑ ለእንስሳው እንደ ትንሽ ሽልማት ስለሚቆጠር ነውን? ወይስ እውነተኛው ሽልማት መቼና የት እንደሚገኝ ስለሚጠቁም?

ጥያቄው የቤተ ሙከራ ጉዳይ ብቻ ሆኖ የሚቀር አይደለም። ፈንጂ የሚያነፈንፉ እንስሳትን የሚያሠለጥን ባለሙያ፣ ከአደገኛ ዕፅ ሱስ የተላቀቀ ሰው ለምን እንደሚያገረሽበት የሚያጠና ሐኪም፣ ተማሪዎቹን ለማበረታታት የሚጥር መምህር፣ ሁሉም ከዚህ ጥያቄ ጋር ይገናኛሉ። በዚህ ጽሑፍ በቅድሚያ መሠረታዊ ሐሳቦችን እናብራራለን፤ ቀጥለን ዋና ዋናዎቹን ሙከራዎች በቅደም ተከተል እንመረምራለን፤ በመጨረሻም ውጤታቸው በተግባር ምን ትርጉም እንዳለው እናሳያለን።

1. መሠረታዊ ሐሳቦች

በእንስሳት ትምህርት ጥናት ውስጥ በተደጋጋሚ የምንጠቀምባቸው ሦስት ቃላት አሉ። «ቀስቃሽ» የምንለው በእንስሳው የስሜት ሕዋሳት ላይ የሚያርፍ ማንኛውንም ብርሃን፣ ድምፅ፣ ሽታ ወይም ንክኪ ነው። «ምላሽ» የምንለው እንስሳው የሚፈጽመውን፣ ሊቆጠር የሚችል ድርጊት ነው። «ማጠናከሪያ» የምንለው ደግሞ ምላሹን ተከትሎ ሲመጣ ያ ምላሽ ወደፊት ተደጋግሞ እንዲፈጸም የሚያደርገውን ነገር ነው። ለተራበች ርግብ እህል፣ ለተጠማ አይጥ ውኃ ማጠናከሪያ ይሆናሉ።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ቢ. ኤፍ. ስኪነር (1904-1990 እ.ኤ.አ.) ይህን ዓይነቱን ትምህርት በትክክል ለመለካት የሚያስችል የሙከራ ሣጥን ሠርቷል። በሣጥኑ ውስጥ አይጥ የምትጫነው ዘንግ፣ ወይም ርግብ በመንቁሯ የምትነቁረው፣ ከኋላው መብራት ያለው ትንሽ ክብ ሰሌዳ ይገኛል። እያንዳንዱ ምላሽ በመሣሪያ ይመዘገባል። ስኪነር ከሥራ ባልደረባው ከቻርልስ ፈርስተር ጋር በ1957 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «የማጠናከሪያ መርሐ ግብሮች» በተሰኘው ሰፊ ጥናት፣ ምግቡ ምላሹን የሚከተልበት ደንብ ሲለወጥ የእንስሳው አሠራርም በሚያስደንቅ ሁኔታ እንደሚለወጥ አሳይቷል። መሠረታዊዎቹ ደንቦች አራት ናቸው።

ሀ) ቋሚ ቁጥር፦ ምግቡ የሚሰጠው የተወሰነ ቁጥር ያለው ምላሽ፣ ለምሳሌ 20 ጊዜ መንቆር፣ ሲፈጸም ነው። እንስሳው ምግቡን ከበላ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ያርፍና ከዚያ በኋላ በፍጥነት ሠርቶ ይጨርሳል።

ለ) ተለዋዋጭ ቁጥር፦ የሚፈለገው ቁጥር በየጊዜው ይለዋወጣል። እንስሳው ፈጣንና የማያቋርጥ ሥራ ያሳያል።

ሐ) ቋሚ ጊዜ፦ የተወሰነ ጊዜ፣ ለምሳሌ 4 ደቂቃ፣ ካለፈ በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያ ምላሽ ምግብ ያስገኛል። እንስሳው በጊዜው መጀመሪያ ላይ ሥራ ያቆማል፤ ጊዜው እየተቃረበ ሲሄድ ፍጥነቱን እየጨመረ ይመጣል። በግራፍ ሲሣል ወደ ላይ የሚታጠፍ ቅስት ይሆናል።

መ) ተለዋዋጭ ጊዜ፦ የሚጠበቀው ጊዜ ይለዋወጣል። ሥራው መካከለኛ ፍጥነት ያለውና ወጥ ይሆናል።

አንባቢያን በተለይ «ቋሚ ጊዜ» የተባለውን ልብ እንዲሉልን እንፈልጋለን። ፈተና በታወቀ ቀን የሚሰጥ ከሆነ ብዙ ተማሪ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደብተሩን አይገልጥም፤ ቀኑ ሲቃረብ ግን እንቅልፍ ያጣል። ምሳሌው ከርግቧ ሁኔታ ጋር በሁሉም ረገድ አንድ ነው ማለት ባይሆንም፣ የቅስቱን ቅርጽ ለማስታወስ ይረዳል። ይህ ቅስት ቀጥሎ በምናያቸው ሙከራዎች ውስጥ እንደ መለያ ምልክት ያገለግለናል።

2. ምግብ የማያስገኝ ድምፅ

ምግብና ውኃ ያለ ምንም ትምህርት የሚሠሩ ማጠናከሪያዎች ስለሆኑ «ቀዳሚ ማጠናከሪያ» ይባላሉ። ሌላ ቀስቃሽ ከእነርሱ ጋር በመዛመዱ ምክንያት የማጠናከር ኃይል ሲያገኝ ደግሞ «ልማዳዊ ማጠናከሪያ» እንለዋለን። ሩሲያዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ኢቫን ፓቭሎቭ፣ ከምግብ ጋር የተጣመረ ቀስቃሽ የውሻን ምራቅ እንደሚያስመነጭ አሳይቶ ነበር። ቀጣዩ ጥያቄ እንዲህ ያለው ቀስቃሽ ምራቅ ከማስመንጨት አልፎ እንስሳውን ሥራ ሊያሠራ ይችላልን? የሚል ነበር።

በ1938 እ.ኤ.አ. ቡገልስኪ የተባለ ተመራማሪ አይጦች ዘንግ ሲጫኑ ምግብ እንዲያገኙ አለማመደ። የምግብ ማቅረቢያው መሣሪያ በሚሠራበት ጊዜ ሁሉ ቀጭ የሚል ድምፅ ያሰማ ነበር። ከዚያም ምግቡን ሙሉ በሙሉ አቋረጠ። ለአንደኛው ቡድን ዘንጉ ሲጫን ድምፁ እንዲሰማ አደረገ፤ ለሁለተኛው ቡድን ግን ድምፁንም ጨምሮ አስቀረ። ሁለቱም ቡድኖች ቀስ በቀስ ሥራ አቆሙ። ይህን ዓይነቱን ምላሽ እየደከመ መጥፋት «መክሰም» እንለዋለን። ነገር ግን ድምፁ ይሰማላቸው የነበሩት አይጦች ከማቆማቸው በፊት ብዙ ጊዜ ዘንጉን ተጭነው ተገኙ።

ውጤቱ ግልጽ ይመስላል፤ ድምፁ የማጠናከር ኃይል አግኝቷል ለማለት ያስደፍራል። ሆኖም ጠንቃቃ አንባቢ ሌላ ማብራሪያም እንደሚቻል ይገነዘባል። ድምፁ የተሰማላቸው አይጦች ያሉበት ሁኔታ ከሥልጠናው ጊዜ ጋር ይበልጥ ይመሳሰላል። ድምፁ የተቋረጠባቸው ግን ነገሩ እንደተለወጠ ወዲያውኑ ሊለዩ ይችላሉ። ስለዚህ ልዩነቱ የመጣው ድምፁ ስለሚያጠናክር ሳይሆን፣ ድምፁ ያልተሰማላቸው አይጦች ለውጡን ቶሎ ስላወቁት ሊሆን ይችላል።

ከዚህ በተጨማሪ አንድ የአሠራር ችግር ነበር። ምግቡ ከተቋረጠ በኋላ ድምፁ ብቻውን በተሰማ ቁጥር ከምግብ ጋር ያለው ዝምድና ይላላል። ተመራማሪው ሊለካ የሚፈልገው ኃይል በመለካት ላይ እያለ ይጠፋበታል ማለት ነው። የሚነድ ሻማ ቁመትን እየለኩ በዚያው ሻማ ብርሃን ማንበብ እንደማለት ነው። ለዚህ ችግር መፍትሔ የሚሆን አዲስ የሙከራ ስልት አስፈለገ።

3. ድርብ መርሐ ግብርና የኬለኸር ርግቦች

መፍትሔው «ድርብ መርሐ ግብር» የምንለው ስልት ነው። በዚህ ስልት አንድ መርሐ ግብር ሙሉ በሙሉ መፈጸሙ እንደ አንድ ነጠላ ምላሽ ይቆጠራል፤ ይህ «ምላሽ» በተራው በሌላ፣ በሁለተኛ መርሐ ግብር መሠረት ይጠናከራል። ነገሩ በምሳሌ ሲታይ ቀላል ነው። አንድ የቀን ሠራተኛ አንድ ረድፍ ድንጋይ ሲደረድር በደብተር ላይ አንድ ምልክት ይደረግለታል እንበል። ገንዘቡ የሚከፈለው ግን 15 ምልክት ሲሞላ ነው። ረድፉ የውስጠኛው መርሐ ግብር ነው፤ 15ቱ ምልክት የውጨኛው መርሐ ግብር ነው፤ በደብተሩ ላይ የሚደረገው ጭረት ደግሞ የእኛ አጭር ቀስቃሽ ነው።

ሮጀር ኬለኸር በ1966 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ይህን በርግቦች ላይ ፈተነ። ከሙከራዎቹ በአንዱ የውስጠኛው መርሐ ግብር የ4 ደቂቃ ቋሚ ጊዜ ነበር። 4 ደቂቃ ካለፈ በኋላ ርግቧ ሰሌዳውን ስትነቁር ነጭ ብርሃን ለ0.7 ሴኮንድ በርቶ ይጠፋል፤ ወዲያውም አዲስ 4 ደቂቃ ይጀምራል። ይህ ሁኔታ 15 ጊዜ ይደገማል። ምግብ የሚቀርበው 15ኛው ሲፈጸም፣ ከብርሃኑ ጋር ተያይዞ ነው። 4 ደቂቃን በ15 ስናባዛ 60 ደቂቃ እናገኛለን። ይህም ማለት ርግቧ አንድ ጊዜ እህል ለማግኘት ቢያንስ አንድ ሰዓት ሙሉ መሥራት ይኖርባታል፤ በዚህ መካከል የምታገኘው ከአንድ ሴኮንድ ያነሰ ብርሃን ብቻ ነው።

ርግቦቹ ሠሩ። ከዚህም በላይ አስገራሚ የሆነው የአሠራራቸው ቅርጽ ነበር። በእያንዳንዱ 4 ደቂቃ ውስጥ ከብርሃኑ በኋላ ቆም ማለት፣ ከዚያም ፍጥነትን እየጨመሩ መሄድ ታየ። ይህም በምግብ በሚጠናቀቅ ቋሚ ጊዜ ላይ የምናውቀው ቅስት ነው። ብርሃኑ በሚቀርበት ጊዜ ግን በየ4 ደቂቃው የሚታየው ቅስት አልነበረም። ከምግብ ጋር ያልተጣመረ ሌላ አጭር ለውጥ በብርሃኑ ቦታ ሲተካ ደግሞ ርግቦቹ በዝግታ ሠሩ፤ ቅስቱም ደበዘዘ።

የዚህን ሙከራ ብልኃት ልብ እንበል። ምግቡ ፈጽሞ ስለማይቋረጥ ብርሃኑና ምግቡ በየጊዜው መልሰው ይገናኛሉ፤ ስለዚህ ቀደም ሲል የጠቀስነው «የሚነድ ሻማ» ችግር ተወግዷል። ኬለኸር ከዚህ በመነሣት ከምግብ ጋር መጣመር ብርሃኑን ልማዳዊ ማጠናከሪያ አድርጎታል ለሚለው አስተሳሰብ ጠንካራ ድጋፍ አገኘ። ጉዳዩም እዚህ ላይ ያበቃ መሰለ።

4. ያልተጣመረው ብልጭታ

በሳይንስ ውስጥ አንድ ማብራሪያ ጠንካራ ነው የሚባለው ያለ እርሱ ውጤቱ ሊገኝ የማይችል ሲሆን ነው። ብርሃኑ የሚሠራው ከምግብ ጋር ስለተጣመረ ከሆነ፣ ከምግብ ጋር ያልተጣመረ ብልጭታ እንዲህ ዓይነት ውጤት ማስገኘት የለበትም። ይህ ግምት ብዙም ሳይቆይ ተፈተነ።

ኒውሪንገርና ቹንግ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1967 እ.ኤ.አ. ርግቦች አንድን አነስተኛ መርሐ ግብር በፈጸሙ ቁጥር አልፎ አልፎ ምግብ፣ በሌላው ጊዜ ደግሞ አጭር ጨለማ እንዲከተላቸው አደረጉ። የሣጥኑ መብራት ለአጭር ጊዜ ይጠፋል፤ ከዚያ ተመልሶ ይበራል። ጨለማው ሲመጣ ምግብ የለም፤ ምግብ ሲመጣም ጨለማ የለም። ሁለቱ ፈጽሞ አልተጣመሩም። ነገር ግን ሁለቱም የሚመጡት አንድ ዓይነት ሥራ ሲፈጸም ነው። ውጤቱም ጨለማው የርግቦቹን ሥራ አፈጠነ፤ ቅርጹንም በምግብ የተጠናከረ አስመሰለው። ተመራማሪዎቹ ይህን ክሥተት ከእውነተኛው ማጠናከሪያ ለመለየት «ማጠናከሪያ መሰል» የሚል ስያሜ ሰጡት።

አለን ስተብስ ደግሞ በ1971 እ.ኤ.አ. ጥያቄውን በስፋት ያዘው። የተለያዩ መርሐ ግብሮችን እየለዋወጠ፣ ከምግብ ጋር የተጣመሩና ያልተጣመሩ አጫጭር ቀስቃሾችን አነጻጸረ። በአብዛኛው ሁለቱ ዓይነቶች ተመሳሳይ የአሠራር ቅርጽ አስገኙ። ይህ ውጤት ከኬለኸር ግኝት ጋር በቀጥታ የሚጋጭ ይመስላል።

ታዲያ ያልተጣመረው ብልጭታ ቅስቱን እንዴት ሊሠራ ቻለ? ራሳችንን በርግቧ ቦታ አድርገን እናስብ። ብልጭታው ከታየ በኋላ ወዲያውኑ ምግብ መጥቶ አያውቅም፤ ምግብ ሊገኝ የሚችለው ቢያንስ ሌላ 4 ደቂቃ ካለፈ በኋላ ነው። ስለዚህ ብልጭታው «አሁን ሰዓቱ ከዜሮ ጀምሯል» እንደሚል የሰዓት መነሻ ሆኖ ያገለግላል። ርግቧ ከብልጭታው በኋላ የምታርፈው በሽልማት ስለረካች አይደለም፤ በዚያ ሰዓት መሥራት ጥቅም እንደሌለው ስለተማረች ነው። ጊዜው ሲቃረብ ደግሞ ፍጥነቷ ይጨምራል። ቅስቱን ለመሥራት የሰዓት ምልክት ብቻ በቂ ነው ማለት ነው።

ከዚህ አንድ ጠቃሚ የምርምር ትምህርት እናገኛለን። የሥራው ቅርጽና የሥራው ብርታት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ብልጭታው ሥራው በጊዜ ውስጥ እንዴት እንደሚከፋፈል ወስኗል ማለት፣ እንስሳው ብልጭታውን ለማግኘት ሲል ሠርቷል ማለት አይደለም። ሁለቱን ሳንለይ «ብርሃኑ ሽልማት ሆነ» ብንል ከማስረጃው አልፈን እንሄዳለን።

5. መጣመር ወይስ መረጃ?

የሰዓት መነሻነት ማብራሪያ ትልቅ ጥያቄ አስከተለ። አንድን ቀስቃሽ ዋጋ የሚሰጠው ከምግብ ጋር በጊዜ መጎራበቱ ነው ወይስ ስለ ምግቡ የሚናገረው አዲስ ነገር?

ኤገርና ሚለር በ1962 እ.ኤ.አ. በአይጦች ላይ ያደረጉት ሙከራ ለዚህ ጥሩ መነሻ ነው። ሁለት ቀስቃሾች ተከታትለው ይመጣሉ፤ ከዚያም ምግብ ይቀርባል። የመጀመሪያው ቀስቃሽ ምግብ እንደሚመጣ ካሳወቀ፣ ሁለተኛው ለምግቡ ይበልጥ የቀረበ ቢሆንም አዲስ ነገር አይናገርም። በኋላ ሲፈተን ሁለተኛው ቀስቃሽ ደካማ ማጠናከሪያ ሆኖ ተገኘ። ነገር ግን የመጀመሪያው ቀስቃሽ አንዳንድ ጊዜ ያለ ምግብ ብቻውን እንዲመጣ ሲደረግና በዚህም አስተማማኝነቱ ሲቀንስ፣ ሁለተኛው ቀስቃሽ ኃይል አገኘ። ከምግብ ጋር የተጣመረበት መንገድ ሳይለወጥ የሚናገረው ነገር ግን ተለውጧልና።

ፋንቲኖ በ1969 እ.ኤ.አ. ይህን ሐሳብ በቁጥር ለመግለጽ የሚያስችል መንገድ አቀረበ። በእርሱ አስተሳሰብ የአንድ ቀስቃሽ ኃይል የሚለካው እስከ ምግብ ድረስ ያለውን የጥበቃ ጊዜ በሚቀንሰው መጠን ነው። ለምሳሌ በአንድ ሁኔታ ውስጥ እስከ ምግብ ያለው አማካይ የጥበቃ ጊዜ 60 ሴኮንድ ነው እንበል። ቀይ ብርሃን ሲበራ የሚቀረው 10 ሴኮንድ ቢሆን፣ ብርሃኑ ጥበቃውን በ50 ሴኮንድ አሳጥሯል። አረንጓዴ ብርሃን ሲበራ የሚቀረው 50 ሴኮንድ ቢሆን ግን የቀነሰው 10 ሴኮንድ ብቻ ነው። ሁለቱም ብርሃኖች መጨረሻቸው ምግብ ነው፤ ቀዩ ግን እጅግ የበለጠ ዋጋ ይኖረዋል። አማካዩ ጥበቃ ወደ 600 ሴኮንድ ቢያድግስ? ቀዩ 590፣ አረንጓዴው 550 ሴኮንድ ይቀንሳሉ፤ በመካከላቸው የነበረው ልዩነት ይጠባል። አንድ ቀስቃሽ ያለው ዋጋ ለብቻው ተነጥሎ ሳይሆን ካለበት ሁኔታ ጋር ተነጻጽሮ የሚታወቅ መሆኑን ይህ ምሳሌ ያስረዳል።

ዴቪሰንና ባውም በ2006 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት ደግሞ ክርክሩን ወደ አዲስ ምዕራፍ አሸጋገረው። ርግቦቹ በግራና በቀኝ ካሉ ሁለት ሰሌዳዎች አንዱን ይመርጣሉ። አንዳንድ ጊዜ ምግብ፣ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ አጭር ብርሃን ያገኛሉ። ብርሃኑ ሽልማት ከሆነ፣ ርግቧ ብርሃኑን ያገኘችበትን ሰሌዳ ደጋግማ መንቆር ይኖርባታል። የተገኘው ውጤት ግን ብርሃኑ ቀጣዩ ምግብ በየት በኩል እንደሚመጣ በሚጠቁመው መሠረት የሚወሰን ነበር። በግራ የተገኘ ብርሃን ቀጣዩ ምግብ በቀኝ መሆኑን የሚያመለክት ከሆነ ርግቧ ወደ ቀኝ ታደላለች። ብርሃኑ ከምግብ ጋር መጣመሩ ወይም አለመጣመሩ ያን ያህል ለውጥ አላመጣም። ሻሃን የተባለው ተመራማሪ በ2010 እ.ኤ.አ. ባቀረበው የግምገማ ጽሑፍ እንዲህ ያሉ ቀስቃሾችን በመንገድ ዳር እንደሚተከል አመልካች ማየት እንደሚሻል ተከራክሯል። አመልካቹ መንገደኛውን አይመግበውም፤ ወደሚመገብበት ቦታ ግን ያደርሰዋል።

6. በአንጎል ውስጥ የሚታየው

የነርቭ ሳይንስ ግኝቶችም ለዚህ ክርክር የራሳቸውን ማስረጃ አምጥተዋል። ቮልፍራም ሹልትዝና ባልደረቦቹ የዝንጀሮዎችን አንጎል ሲመረምሩ፣ ዶፓሚን የተባለውን ንጥረ ነገር የሚያመነጩ የነርቭ ሴሎች በመጀመሪያ የሚነቃቁት ያልተጠበቀ ጭማቂ በእንስሳው አፍ ሲገባ መሆኑን አዩ። ከትምህርት በኋላ ግን ሴሎቹ የሚነቃቁት ጭማቂውን አስቀድሞ የሚያሳውቀው ምልክት ሲታይ ሆነ፤ የተጠበቀው ጭማቂ ራሱ ሲመጣ የተለየ መነቃቃት አልታየም። ምልክቱ ታይቶ ጭማቂው ከቀረ ደግሞ ጭማቂው ሊመጣ ይገባው በነበረበት ቅጽበት የሴሎቹ እንቅስቃሴ ቀነሰ። ሹልትዝ ከዳያንና ከሞንታግ ጋር በ1997 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ፣ እነዚህ ሴሎች በተጠበቀውና በተገኘው መካከል ያለውን ልዩነት ይገልጻሉ የሚል ማብራሪያ ቀርቧል።

ይህ ግኝት «ሽልማት ነው ወይስ ምልክት?» የሚለውን ጥያቄ በሌላ መልኩ እንድናየው ያደርጋል። ያልተጠበቀ መልካም ምልክት ስለ ወደፊቱ መረጃ ይሰጣል፤ በዚያው ቅጽበት ደግሞ ትምህርትን የሚያራምደውን የአንጎል ሥርዓት ያነቃቃል። ሁለቱ ሚናዎች በአንድ ቀስቃሽ ላይ ሊገናኙ ይችላሉ። በየሙከራው የትኛው ሚና ጎልቶ እንደሚታይ የሚወስነው የሙከራው አቀማመጥ ነው ብለን እናምናለን።

7. ተግባራዊ ጥቅሞች

በአደገኛ ዕፆች ጥናት፦ ጎልድበርግና ባልደረቦቹ ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ድርብ መርሐ ግብርን በጦጣዎች ላይ ተጠቅመው፣ እንስሳት አንድ መጠን ኮኬይን ለማግኘት በአጫጭር ብርሃኖች እየተመሩ ለረጅም ጊዜ እንደሚሠሩ አሳይተዋል። በኋላም ኤቨሪትና ሮቢንስ ስልቱን በአይጦች ላይ በስፋት ሠርተውበታል። ከዕፁ ጋር የተጣመረው ብርሃን ሲወገድ ሥራው በጉልህ ይቀንሳል። ይህም ከሱስ የተላቀቀ ሰው ዕፁን ሳያይ፣ ከዕፁ ጋር የተያያዘ ቦታ ወይም ዕቃ ብቻ አይቶ ለምን ሊያገረሽበት እንደሚችል ለማጥናት አስችሏል።

በእንስሳት ሥልጠና፦ የስኪነር ተማሪዎች የነበሩት ኬለርና ማሪያን ብሬላንድ እንስሳትን ለማሠልጠን አጭር ድምፅን በሰፊው ተጠቅመዋል። የድምፁ ጥቅም ፍጥነቱ ነው። አሠልጣኙ ምግብ አውጥቶ እስኪሰጥ እንስሳው ሌላ ድርጊት ሊጀምር ይችላል፤ ቀጭ የሚለው ድምፅ ግን ትክክለኛው ድርጊት በተፈጸመበት ቅጽበት ይደርሳል። በታንዛንያ፣ ሞሮጎሮ ከተማ የሚገኘው አፖፖ የተባለ ድርጅት በቀጭታና በምግብ ታላላቅ የአፍሪካ አይጦችን ፈንጂና የሳንባ ነቀርሳ በሽታን በሽታ እንዲለዩ ያሠለጥናል። ድርጅቱ በአገራችንም በአዲስ አበባ ከአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ጋር በሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ላይ ሠርቷል።

የመርሐ ግብሩ ጉዳይ የሕይወትና የሞት ጥያቄ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። አይጧ በእውነተኛ የፈንጂ ሜዳ ላይ ምልክት ስትሰጥ፣ ከመሬቱ በታች ፈንጂ መኖሩን አሠልጣኙ በዚያች ቅጽበት አያውቅም። ድምፁን አሰምቶ ምግብ ቢሰጣት ስሕተትን ሊያጠናክር ይችላል፤ ይህም ወደፊት ባዶ መሬት ላይ ምልክት እንድትሰጥ ያደርጋታል። ምንም ካልሰጣት ደግሞ ሥራዋ ቀስ በቀስ ሊከስም ይችላል፤ ይህም ፈንጂ አልፋ እንድትሄድ ሊያደርግ ይችላል። ስለዚህ ፈንጂው የት እንዳለ አስቀድሞ በሚታወቅበት የሥልጠና ሜዳ ላይ በየጊዜው እየሠሩ እንዲጠናከሩ ይደረጋል። በሳንባ ነቀርሳ ምርመራም ውጤታቸው አስቀድሞ የታወቀ የአክታ ናሙናዎች ባልታወቁት መካከል ይቀመጣሉ፤ አይጧ የምትሸለመው በእነዚህ ላይ ነው። ከላይ የተመለከትናቸው የርግብ ሙከራዎች የሚያስተምሩን አንድ ቁም ነገር በዚህ ሥራ ላይ በግልጽ ይታያል፤ ሽልማት ሁልጊዜ ባይኖርም ሥራ ሊቀጥል ይችላል፤ ነገር ግን ምልክቱ እውነቱን መናገር አለበት።

በትምህርት፦ በደብተር ላይ የሚደረግ የ«ትክክል» ምልክት ወይም የመምህር አጭር ምስጋና እንደ አጭር ቀስቃሽ ሊታይ ይችላል። የሰው ልጅ ቋንቋና አስተሳሰብ ስላለው ከርግብ የተገኘን ውጤት እንዳለ ወደ ክፍል ማምጣት አይገባም። ቢሆንም አንድ ምክር ከዚህ መውሰድ ይቻላል። ምልክቱ ለተማሪው አዲስ ነገር የሚነግረው፣ በትክክል የሠራውንና ያልሠራውን ሲለይለት ነው። ለሁሉም ደብተር፣ ለሁሉም ገጽ ሳይነበብ የሚደረግ ምልክት፣ በኤገርና ሚለር ሙከራ እንደታየው ሁለተኛ ቀስቃሽ፣ ምንም የማይናገር ይሆናል።

ማጠቃለያ

ከ1938 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተጓዝንበትን መንገድ በአጭሩ እንመልከት። በመጀመሪያ የምግብ መሣሪያ ድምፅ ብቻውን አይጦችን እንደሚያሠራ ታየ። ቀጥሎ ድርብ መርሐ ግብር ከአንድ ሴኮንድ ያነሰ ብርሃን የአንድ ሰዓት ሥራን ሊያደራጅ እንደሚችል አሳየ። ከዚያም ያልተጣመሩ ብልጭታዎች ተመሳሳይ ቅርጽ ሲያስገኙ፣ «ትንሽ ሽልማት» የሚለው ማብራሪያ ብቻውን በቂ አለመሆኑ ታወቀ። ዛሬ ብዙ ማስረጃ የሚያመለክተው የአጭር ቀስቃሽ ኃይል በአብዛኛው የሚመነጨው ቀጣዩ ምግብ መቼና የት እንደሚገኝ ከሚናገረው ነገር መሆኑን ነው። የማጠናከር ኃይል ፈጽሞ የለውም ወይስ አለው በሚለው ላይ ግን ተመራማሪዎች እስካሁን ሙሉ በሙሉ አልተስማሙም።

ለተማሪዎች ከሁሉ በላይ ጠቃሚ ነው የምንለው ውጤቱ ብቻ ሳይሆን የተገኘበት መንገድ ነው። የኬለኸር ሙከራ ስሕተት አልነበረም፤ ስተብስ የጠየቀው አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ግን ትርጉሙን ለወጠው። «ከምግብ ጋር ባይጣመርስ?» የሚል አንድ አጭር ጥያቄ ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በቡገልስኪ ሙከራ ውስጥ ድምፁ በእርግጥ ያጠናክር እንደሆነ ለመለየት ሦስተኛ ቡድን ብትጨምሩ፣ ለዚህ ቡድን ምን ታደርጉለታላችሁ?

2. የውስጠኛው መርሐ ግብር የ2 ደቂቃ ቋሚ ጊዜ ቢሆንና አንድ ምግብ ለማግኘት ቢያንስ 60 ደቂቃ የሚያስፈልግ ቢሆን፣ የውጨኛው መርሐ ግብር ስንት ጊዜ መደገምን ይጠይቃል?

3. በፋንቲኖ አስተሳሰብ፣ እስከ ምግብ ያለው አማካይ ጥበቃ 40 ሴኮንድ ቢሆንና አንድ ብርሃን ሲበራ የሚቀረው ጊዜም 40 ሴኮንድ ቢሆን፣ ብርሃኑ የማጠናከር ኃይል ይኖረዋልን? ለምን?

4. በመግቢያው የጠቀስነውን የሙቀጫ ድምፅ እንደገና አስቡ። ድምፁ የሚሰማው እንግዳው በሚፈጽመው ምላሽ ምክንያት አይደለም። ይህ ከኬለኸር ብርሃን በምን ይለየዋል?